የኮምፓይለርና የዲበገር አለመጣጣም፦ ኮድ ከመቀየር በፊት ስሪትን ማረጋገጥ

ኮዲንግ መማር ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ስልጠናውን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ በማቅረቡ፣ ዜጎች ባሉበት ሆነው መማር ይችላሉ። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረው የሚጠይቀው መምህር አለው፤ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ በግል ላፕቶፑ የሚለማመድ ሰልጣኝ ግን ችግሩን ብቻውን ይጋፈጣል። ከመሠረታዊ ስልጠናው አልፈው በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋዎች የሚሠሩትን ከሚያስቸግሩ ጉዳዮች አንዱ የኮምፓይለርና የዲበገር አለመጣጣም ነው።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ሶፍትዌር ሲሆን፣ ዲበገር ደግሞ ፕሮግራሙን በየመስመሩ እያስቆመ ስህተቱ ያለበትን ቦታ ለመለየት ያገለግላል። ዲበገሩ የትኛው የማሽን ትእዛዝ ከየትኛው የኮድ መስመር እንደመጣ የሚያውቀው፣ ኮምፓይለሩ ከፕሮግራሙ ጋር አያይዞ ከሚያስቀምጠው መረጃ ነው። ይህ መረጃ በሊኑክስ የሚጻፍበት መስፈርት ድዋርፍ ይባላል። የድዋርፍ 5ኛ ስሪት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። በነጻ የሚገኘው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 11ኛ ስሪቱ ጀምሮ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር፣ መረጃውን በዚህ አዲስ መልክ ይጽፋል። ጂዲቢ የተባለው ዲበገር ግን አዲሱን መልክ ማንበብ የጀመረው ከ8.0 ስሪቱ ወዲህ ነው። ስለዚህ አዲስ ኮምፓይለር ከአሮጌ ዲበገር ጋር ሲጣመር አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ይሳነዋል።

ምልክቱ ግራ የሚያጋባ ነው። ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል፤ ዲበገሩ ግን የተገኘው ስሪት 5 መሆኑን፣ መሆን የነበረበትም 2፣ 3 ወይም 4 እንደሆነ የሚገልጽ የድዋርፍ ስህተት መልእክት ያሳያል። መልእክቱን ያልተረዳ ሰልጣኝ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ደህናውን ኮድ ደጋግሞ ሲቀይር ቀናት ያልፋሉ። ሶፍትዌር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሁኔታ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ 5.11 ከጂሲሲ 4.9.2 ጋር የተዘጋጀ ነው። ጥቅሉ እንደተዘጋጀ ከተጫነ ሁለቱ ክፍሎቹ ይግባባሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ኮምፓይለሩ ብቻ በአዲስ ተተክቶ ዲበገሩ በነበረበት ሲቀር ነው።

በመሆኑም ኮዱን ከመንካት በፊት የሁለቱንም ስሪት ማረጋገጥ ይገባል። በትእዛዝ መስጫው መስኮት የሶፍትዌሩን ስም ጽፎ፣ ሁለት ሰረዝና ቨርዥን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ማስከተል በቂ ነው። ጂዲቢ ከ8.0 በታች ከሆነ ዘላቂው መፍትሔ እርሱን ማሻሻል ነው። ኡቡንቱ 22.04 የሚጠቀሙ ዜጎች ከሥርዓቱ ጋር የሚቀርቡት ጂሲሲ 11 እና ጂዲቢ 12 ስለሚጣጣሙ ይህ ችግር አይገጥማቸውም።

አዲስ ጥቅል ለማውረድ የሞባይል ዳታ የማይበቃው ሰልጣኝ ሌላ አማራጭ አለው። ኮምፓይለሩን ሲያስጀምር ሰረዝ፣ ጂ፣ ድዋርፍ፣ ሰረዝ፣ 4 የሚለውን በላቲን ፊደል ያለ ክፍተት አያይዞ ቢጽፍ፣ ጂሲሲ መረጃውን በቀድሞው መልክ ያዘጋጃል። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ከነፋይሎቹ በሙሉ እንደገና መገንባት አለበት፤ ቀድሞ የተገነቡ ፋይሎች ከቀሩ ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

በዊንዶውስ ላይ የቪዡዋል ስቱዲዮን ኮምፓይለር የሚጠቀሙ ዜጎች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ይህ ኮምፓይለር መረጃውን ፒዲቢ በተባለ የተለየ ፋይል ስለሚያስቀምጥና ጂዲቢም ይህን ስለማያነብ፣ ስሪት ማሻሻል አይፈታውም፤ አብሮ የመጣውን ዲበገር መጠቀም ያስፈልጋል። በአንጻሩ ዲበገሩ ምንም መረጃ አላገኘሁም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሰረዝ ጂ የሚለው ትእዛዝ ሳይጨመርበት የተገነባ ነው፤ ይህ ከስሪት ጋር አይያያዝም።

ከዚህ አልፎ የባለሙያ እርዳታ የሚጠይቅ ሰልጣኝ የኮምፓይለሩንና የዲበገሩን የስሪት ቁጥር፣ የተጠቀመበትን ትእዛዝና የስህተቱን መልእክት ቃል በቃል ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።