ማይክሮዌቭ ድሮን አይጠብስም

በመናገሻ ዙሪያ ተራሮች ላይ የተተከሉት የቴሌ ማማዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በማይክሮዌቭ ነው። ለዚህ ሥራ ጥቂት ዋት ይበቃል። ያው ሞገድ ጉልበቱ በሚሊዮኖች እጥፍ አድጎ በቅጽበት ሲለቀቅ ድሮን ይጥላል። ስለዚህ መሣሪያ እኛ ዘንድ የሚወራው ጥቂት ነው፤ ከሚወራውም አብዛኛው ስህተት ነው።

አካሉን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ምት የሚያመነጭ ክፍል፣ አንቴና፣ ድሮኑን የሚከታተል ራዳር።

ችግሩ ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ የወጥ ቤቱን ማይክሮዌቭ ማሰቡ ነው። ሰበታ ውስጥ አንድ ጎበዝ የሞባይል ጠጋኝ «ታዲያ አየር ላይ ይጠብሰዋል ማለት ነው?» አለኝና ወረቀት አውጥተን አሰላነው። የ1 ሺህ ዋት ማሞቂያ በአንድ ደቂቃ 60 ሺህ ጁል ይሰጣል። የ100 ሚሊዮን ዋት ምት ለ100 ናኖሰከንድ ቢቆይ ግን ጠቅላላ ጉልበቱ 10 ጁል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሳይባክን አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ቢገባ ሙቀቱን የሚጨምረው በግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ድሮኑ ጋ የሚደርሰው ደግሞ የዚህ ቅንጣት ነው። በዚህ ምንም አይጠበስም!

ድሮኑን የሚጥለው የገዛ ሽቦው ነው። የ1 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሩቡ 7 ተኩል ነው። የትናንሽ ድሮኖች የሞተር ሽቦዎችም ርዝመታቸው እዚያው አካባቢ ነው፤ የሩብ ሞገድ ርዝመት ያለው ሽቦ ደግሞ ጥሩ አንቴና ነው። ምቱ ሲያርፍበት ሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይነሳል፣ በ3.3 ቮልት ወደሚሠራው ቺፕ ይዘልቃል፤ ቺፑ ወይ ሥራው ይዛባል፣ ወይ ይቃጠላል። ጠጋኙ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ከጣት የሚዘል ስታቲክ ቦርድ እንደሚገድል ከሥራው ያውቃል።

እባካችሁ ጃመርም አትበሉት። ጃመር የሬዲዮ ግንኙነቱን ያፍናል እንጂ የድሮኑን አካል አይነካም። በዩክሬን ጦርነት የፋይበር ገመድ እየተረተሩ የሚበሩ ድሮኖች ሲመጡ ጃመር ዋጋ አጣባቸው። ማይክሮዌቭ ግን በሽቦው ስለሚገባ ገመዱ አያድናቸውም።

ኤፒረስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው የማይክሮዌቭ መሣሪያ ሊዮኒዳስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ኢንዲያና ውስጥ በተደረገ ሙከራ 49 ድሮኖችን በአንድ ምት ጥሏል። የእንግሊዝ መንግሥት የራሱ መሣሪያ እስከ 1 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስና አንዱ ተኩስ 10 ፔንስ ገደማ እንደሚያወጣ ይናገራል። ለሚሳይል ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ፤ ምቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። እንጦጦ ላይ እንዳለው ያለ የሳተላይት ጣቢያ የተሠራው ከሰማይ የሚመጣ እጅግ ደካማ ምልክት ለመስማት ነው፤ እንዲህ ያለ ምት በአቅራቢያው ቢለቀቅ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ያለፈቃድ በየሰርጉ ድሮን የምታስነሱ ሰዎች፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ትርፍ ወረቀት አይምሰላችሁ። ሰማዩ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ድሮን በበዛ ቁጥር እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከተማ አጠገብ ለመትከል የሚቀርበው ምክንያት ይበረታል።

ምቱን ርቀትም ያደክመዋል፤ እጥፍ ሲርቅ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ድሮን ሠሪዎች ሽቦውን በብረት መረብ ሸፍነው ሊከላከሉት ይችላሉ፤ መረቡ ግን ክብደት ነው፣ ትንሽ ድሮን ደግሞ በተጫነበት ግራም ልክ አየር ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ያጥራል።