ጉሎና ጃትሮፋ፤ የነዳጅ ሰብል እና «ባዶ» የተባለው መሬት

የነዳጅ ሰብል የሚባሉት ስኳራቸው ወይም ስታርቻቸው ወደ ኢታኖል፣ ዘይታቸው ወደ ባዮዲዝል የሚለወጥ ተክሎች ናቸው። ከሸንኮራ አገዳና ከበቆሎ ኢታኖል፣ ከፓልም፣ ከአኩሪ አተር፣ ከጉሎና ከጃትሮፋ ባዮዲዝል ይገኛል። በኢትዮጵያ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል የሚሠራው ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መደባለቅ ጀምሮ ነበር። አዲስ መሬት ፍለጋ የተወጣው ግን በተለይ ለዘይት ሰብሎቹ ነው።

ጉሎ ያለ አግባብ የተናቀ ተክል ነው። መገኛው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል፤ በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር ያለ ማንም እንክብካቤ ይበቅላል። እሾሃማው ፍሬ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ተፈንጥሮ ይከፈትና ደም የጠገበ መዥገር የሚመስሉ ዥንጉርጉር ዘሮቹን ይበትናል። የዘሩ ግማሽ ያህል ዘይት ነው። ምጣድ ይሟሽበታል፤ ቆዳ ይለሰልስበታል። ዘይቱ እጅግ ወፍራም ስለሆነ ለሞተር ማለስለሻ፣ ለቀለምና ለናይለን መሥሪያ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ እንደ ናፍጣ ማቃጠሉ ብክነት ነው። መርዙ ሪሲን ከዘይቱ ጋር ስለማይወጣ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎውን በሙቀት ሳያረክሱ ለከብት የሚሰጡ ሰዎች ከብታቸውን ሊገድሉ ይችላሉ፤ ይህን የማያስጠነቅቅ ሻጭም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም።

ጃትሮፋ መጤ ነው፤ ከመካከለኛው አሜሪካ ተነሥቶ በፖርቱጋል ነጋዴዎች ወደ አፍሪካ ገባ። ከብት አይበላውም፣ ድርቅም አይገድለውም። ስለዚህ በባቲና በሌሎች ቆላማ ቦታዎች አጥር ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ በዓለም ገበያ የተወራለት ግን በደረቅ መሬት ላይ ብዙ ዘይት ይሰጣል ተብሎ ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተምታቷል፤ በደረቅ መሬት አለመሞት አንድ ነገር ነው፣ በደረቅ መሬት ማፍራት ሌላ። ጃትሮፋ ጥሩ ምርት የሚሰጠው እንደማንኛውም ሰብል ውኃና ማዳበሪያ ሲያገኝ ነው። ቢፒ የተሰኘው የነዳጅ ኩባንያ በ2007 በገባበት የጃትሮፋ ሽርክና ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ወጥቷል።

ከዚህ የከፋው ስሕተት መሬቱን ይመለከታል። የነዳጅ ሰብል የምግብ እህልን ቦታ ይሻማል የሚል ስጋት ሲነሣ የተሰጠው መልስ «ባዶ መሬት ላይ እንዘራዋለን» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኢትዮጵያ የባዮፊውል ስትራቴጂ ለጃትሮፋ ተስማሚ ነው ያለው መሬት ከ23 ሚሊዮን ሄክታር ይበልጣል፤ የአገሪቱ ቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ባዶ መሬት በኢትዮጵያ የለም። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ቆላ የአርብቶ አደር ግጦሽ፣ የግራር ቁጥቋጦና ያደረ ማሳ ነው። በበጋ ለሚመጣ ባለሙያ የሞተ ይመስላል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ያው መሬት ሣር፣ ነፍሳትና ጅግራ ይሞላዋል። አዋልድጌሳ ምስጥ ፍለጋ ኩይሳ ያፈርሳል፤ ለማደሪያ የቆፈረውን ጉድጓድ ትቶ ሲሄድ ከርከሮ ወይም ጅብ ይገባበታል። ዶዘር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ደልድሎ ያልፋል፤ በቦታው የሚተከለው ሰብል ግን አንዱንም አይተካም።

ጃትሮፋ ከብት የማይነካው መሆኑ ለአጥር ትልቅ ጸጋ ነው። ያው ጠባይ በሺህ ሄክታር ላይ ሲዘረጋ ቅጠል በሊታ የዱር እንስሳትንም ጦም ያሳድራል። አጋዘን ግራሩን ይቀነጥባል፤ ከጃትሮፋ ማሳ ግን የሚያገኘው ነገር የለም። አበባው ንብና ዝንብ ይስባል፤ ይህም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ በየተራ የሚያብብ ቁጥቋጦን አይተካም።

ጉዳዩ በግልጽ የታየው በባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ነው። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ኤረር፣ ጎበሌና ዳካታ ሸለቆዎች በውስጡ ናቸው። ዝሆኖቹ ከሌሎች የዝሆን መንጋዎች ተነጥለው የቀሩ ናቸው፤ ወቅትን ተከትለው ከሸለቆ ሸለቆ ይዘዋወራሉ፣ ግራርና ቁልቋል ይመገባሉ። በ2007 አንድ የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ እርሻ ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተሰጠው። የዚህ መሬት ጉልህ ክፍል ከመጠለያው ክልል ጋር ይደራረባል፤ የመጠለያው ወሰን ደግሞ ያኔ በሕግ አልጸናም ነበር። ምንጣሮው ተጀመረ፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎችም ተቃወሙ። ዝሆን ጉሎ ባይበላም መተላለፊያው ማሳና መንደር ሲሆን የሚሄድበት ያጣል፤ ሲቸግረው ወደ በቆሎና ወደ ማሽላ ማሳ ይገባል፣ ከገበሬውም ጋር ይጋጫል።

ነገሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኢታኖል ፍላጎት የበቆሎ ዋጋን ከፍ ባደረገበት ጊዜ፣ መንግሥት ለገበሬው እየከፈለ ሳይታረስ የሚያቆየው መሬት በ2007 ከነበረበት 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ በ2016 ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። በሰሜኑ ሜዳማ ግዛቶች ዳክዬዎችና የሣር ምድር ወፎች ጫጩት የሚፈለፍሉት በእንዲህ ባለ መሬት ላይ በሚበቅል ሣር ውስጥ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የ2009 የታዳሽ ኃይል መመሪያ ከጥር 2008 ወዲህ ከተመነጠረ ሰው ያልነካው ደን፣ በሕግ ከተከለለ ቦታና ብዝኃ ሕይወቱ ከፍተኛ ከሆነ የሣር ምድር የመጣ ባዮፊውል ለታዳሽ ኃይል ግብ እንዳይቆጠር ከልክሏል። ደንም ያልሆነ፣ በሕግም ያልተከለለ የቆላ ቁጥቋጦ ግን በቀላሉ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ መሬት ከመሰጠቱ በፊት ቦታው በክረምትም በበጋም ተጠንቶ የእንስሳቱ መተላለፊያና የውኃ መንገድ ሳይነካ ሊተው ይገባል። ጉሎና ጃትሮፋ ደግሞ በማሳ ዳር፣ በእርከን ጠርዝና በአጥር ላይ ሲተከሉ ምርታቸው ጥቂት ቢሆንም አፈር ይይዛሉ፣ የአንድም እንስሳ መኖሪያ እንዲመነጠርላቸው አያስፈልግም።