ማርጎ ሮቢ በ«ባርቢ» ትወናዋ ሳትታጭ በምን ታጨች? «ፕሮዲውሰር» የሚለውን ቃል እናብራራ



በ2024 የኦስካር እጩዎች ዝርዝር ሲወጣ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) ሶሻል ሚዲያው በአንድ ነገር ተንጫጫ። የ«ባርቢ» መሪ ተዋናይት ማርጎ ሮቢ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ አልታጨችም። ኬንን ሆኖ የተጫወተው ራያን ጎስሊንግ ግን በረዳት ተዋናይነት ታጨ። «ባርቢን ትተው ኬንን?» ተባለ፣ ሚሙ ጎረፈ።

በዚያ ጫጫታ መሃል ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር ነበር። የማርጎ ስም እዛው ዝርዝር ላይ አለ። ያውም በትልቁ ዘርፍ፣ በምርጥ ፊልም ስር። ምክንያቱም የምርጥ ፊልም ኦስካር የሚሰጠው ለፕሮዲውሰሮቹ ነው፤ እሷ ደግሞ ከ«ባርቢ» ፕሮዲውሰሮች አንዷ ናት።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ለምንስ ይጠቅማል?

🎬 ፕሮዲውሰር ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ ሀገር ፕሮዲውሰር ሲባል ቶሎ የሚመጣልን «ብሩን ያወጣው ሰው» ነው። ብዙ ጊዜም እንደዛው ነው። ሆሊውድ ላይ ግን ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የስቱዲዮው ወይም የሌሎች ባለሀብቶች ነው። የፕሮዲውሰሩ ሥራ ታሪኩን ማግኘት፣ መብቱን በውል መያዝ፣ ጸሐፊና ዳይሬክተር መምረጥ፣ ገንዘብ ያለውን አካል ማሳመን፣ ከዛም ፊልሙ ሲኒማ እስኪደርስ ድረስ አለመልቀቅ ነው።

በእኛ ቋንቋ እናስቀምጠው፦ ተዋናይ ድግስ ላይ የተጠራ እንግዳ ነው። ፕሮዲውሰር ደጋሹ ነው። ማን ይጠራ፣ ምን ይቅረብ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ድግሱ ቢበላሽም ስሙ የሚነሳው የሱ ነው።

«ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ለምሳሌ የኛው «ድፍረት» (2014) ላይ አንጀሊና ጆሊ ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ተብላለች። እሷ ስሟን ሰጥታ ፊልሙ በዓለም እንዲታይ አገዘች። ፊልሙን ከስር ጀምረው የለፉበት ግን ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ፣ ፕሮዲውሰሯ ዶ/ር ምሕረት ማንደፍሮና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ስለዚህ የታዋቂ ሰው ስም ባያችሁ ቁጥር ሥራው አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ።

🎬 ከሳሙና ድራማ እስከ ራሷ ድርጅት

ማርጎ አውስትራሊያዊት ናት፤ በ1990 ኩዊንስላንድ ተወለደች። መጀመሪያ የታወቀችው «ኔበርስ» በሚባለው የሀገሯ ረጅም ተከታታይ ድራማ ነው። ዓለም ያወቃት ደግሞ በ2013 ከሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ጋር በሠራችው «ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪት» ነው።

ከዛ በኋላ ስክሪፕት እንደ ጉድ ይጎርፍላት ጀመር። ችግሩ ግን አብዛኛው ያው የዋናው ሰውዬ ሚስት ወይም የሴት ጓደኛ መሆን ነበር። በቃለ መጠይቆቿ እንደተናገረችው ይህ ሰለቻት። የምትፈልገው ዓይነት ታሪክ እስኪመጣላት ከመጠበቅ ራሷ ለመፈለግ ወሰነች።

በ2014፣ ገና በ24 ዓመቷ ገደማ፣ «ላኪቻፕ ኢንተርቴይንመንት» የሚባል ድርጅት አቋቋመች። ከማን ጋር? ለንደን አብረዋት በአንድ ቤት ከሚኖሩ ጓደኞቿ ጋር፦ ከልጅነት ጓደኛዋ ሶፊያ ከር፣ ከጆሲ ማክናማራ እና በኋላ ካገባችው ከቶም አከርሊ ጋር። ቶምና ጆሲ ያኔ በረዳት ዳይሬክተርነት የሚሠሩ ልጆች ነበሩ። ትልቅ ስም የነበራት እሷ ብቻ ናት።

🎬 የመጀመሪያው ፈተና

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት «አይ፣ ቶንያ» (2017) ነው። ስለ አሜሪካዊቷ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ተወዳዳሪ ቶንያ ሃርዲንግ የሚተርክ ፊልም ነው። በጀቱ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፤ ለሆሊውድ ትንሽ ብር ነው። በዓለም ሲኒማዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ማርጎ ለምርጥ ተዋናይት ታጨች፤ እናቷን ሆና የተጫወተችው አሊሰን ጃኒ ኦስካሩን ወሰደች።

ልብ በሉ፦ ማንም «ነይ ይህን ተጫወቺ» ብሎ አልጠራትም። ድግሱን ራሷ ደግሳ፣ ዋናውን ወንበር ለራሷ አስቀመጠች።

ቀጥሎ ያደረገችው ደግሞ ይበልጣል። «ፕሮሚሲንግ ያንግ ውማን» (2020) ላይ ማርጎ በትወና የለችበትም። ዋናዋ ተዋናይት ኬሪ ማሊጋን ናት። ላኪቻፕ ግን ረጅም ፊልም ዳይሬክት አድርጋ ለማታውቀው ለኤመራልድ ፌኔል ዕድሉን ሰጣት። ፌኔል በዛው ፊልም የምርጥ ወጥ ድርሰት ኦስካር አሸነፈች።

ሁሉም ግን አልተሳካም። በዚያው ዓመት የወጣው «በርድስ ኦፍ ፕሬይ» 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን ከቲኬቱ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ የማስታወቂያው ወጪም ከበጀቱ ውጪ ነው። ለእንደዛ ዓይነት ትልቅ ፊልም ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ነበር። እሷ ዋና ተዋናይትም ፕሮዲውሰርም ስለነበረች ጣት ከመቀሰር አላመለጠችም። ደጋሽ መሆን ይህም አለው።

🎬 «ባርቢ» እንዴት ሆነች?

የባርቢ አሻንጉሊት ከ1959 ጀምሮ አለች። ፊልሟ ግን ሶኒ ጋር ለዓመታት ተይዞ ሳይሠራ ቀረ። ማርጎ የአሻንጉሊቱ ባለቤት የሆነውን ማቴልን አነጋገረች፣ ፕሮጀክቱን ወደ ዋርነር ብራዘርስ ወሰደች፣ ግሬታ ገርዊግ እንድትጽፈውና ዳይሬክት እንድታደርገው አግባባች። ስቱዲዮውን ስታሳምን ፊልሙ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያስገባል ብላ እንደነበር፣ ምናልባትም እንዳጋነነች፣ በኋላ ራሷ ተናግራለች።

ከመውጣቱ በፊትም አንድ ነገር ተፈጠረ። «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» የሚወጡበት ቀን ገጠመ። ከ«ኦፐንሃይመር» ፕሮዲውሰሮች አንዱ ቻርልስ ሮቨን ደውሎ ቀኑን ብትቀይሩ ይሻላል አላት። እሷም ከፈራችሁ እናንተ ቀይሩ፣ እኛ አንነቃነቅም አለችው። ይህን ራሷ ነች ያወራችው። ተዋናይ ብቻ ብትሆን ያ ስልክ መጀመሪያውኑ ለእሷ አይደወልም ነበር።

ሁለቱም ሐምሌ ላይ በአንድ ቀን ወጡ። «ባርቢ» ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብታ የ2023 አንደኛ ሆነች። ገርዊግም ብቻዋን ዳይሬክት ያደረገችው ፊልም ቢሊዮን የተሻገረ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በኦስካሩ ምርጥ ፊልም ግን ያሸነፈው «ኦፐንሃይመር» ነው፤ ዋንጫውን ከተቀበሉት አንዱም ያው የደወለው ሰውዬ ነው 😅

🎬 ገንዘቡስ?

ቫራይቲ እንደዘገበው ማርጎና ጎስሊንግ ለትወናው የተስማሙበት ክፍያ እኩል ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው 12.5 ሚሊዮን ዶላር። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ግን ማርጎ ከገቢው በሚታሰብ ጉርሻ ጭምር 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደምታገኝ ዘገበ። ደሞዝ አንዴ ይከፈላል፣ ያልቃል። ድርሻ ግን ከሥራው ጋር ያድጋል። ፊልሙ ካልሄደ ደግሞ ድርሻውም አብሮ ይቀራል።

🎬 ምን እንያዝ?

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ሜሪ ፒክፎርድ የምትባል የድምፅ አልባ ፊልም ኮከብ በ1919 ከቻርሊ ቻፕሊንና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ዩናይትድ አርቲስትስን መሥርታለች። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ጥያቄው ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው፦ የሚሠራውን ታሪክ የሚመርጠው ማን ነው?

ማርጎ መምረጥ ስትጀምር የተጠቀመችው እሷ ብቻ አይደለችም። ፌኔል የመጀመሪያ ፊልሟን አገኘች፣ ገርዊግ ትልቁን በጀት አገኘች። አንድ ሰው ደጋሽ ሲሆን በር ላይ ቆመው የነበሩ ሌሎችም ይገባሉ።

ስለዚህ በቀጣይ ፊልም ስታዩ፣ መጨረሻ ላይ ስሞቹ ሲወርዱ ቶሎ አትዝጉት። ፕሮዲውሰር የሚለው ጋ ማን እንዳለ እዩ። ፊልሙ ለምን እንደተሠራ ብዙ ጊዜ እዛ ጋ ታገኙታላችሁ።

እናንተስ? ከሀገራችን ተዋንያን «ይቺ የራሷን ፊልም ፕሮዲውስ ብታደርግ» የምትሏት ማን ናት? ጻፉልን።