ከእግራችን በታች ያለው ሙቀት

በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ከወጣ በኋላ በገርጂ ፎቆች የሚኖሩ ምእመናን በሌሊት አልጋቸው ሲነቃነቅ፣ መብራታቸው ሲወዛወዝ ደጋግመው አይተዋል። «ከምን መጣ?» ተብለው ለሚጠየቁ አባቶችና ለሰበካ ጉባኤያት መልሱን በአጭሩ ለማስረዳት ወደድን።

የመንቀጥቀጡ መነሻ ከገርጂ በስተ ምሥራቅ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ነበር። በዚያ ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች ሰንጥቆ ይገባ ነበርና፤ የካቲት 7 ቀን ሌሊት የደረሰው በመለኪያው 6 ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል።

ምክንያቱ ከጥልቁ ነው። የምድር እምብርት ከ5,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላል። ሙቀቱ ከፊሉ ከምድር አፈጣጠር የተረፈ፣ ከፊሉም በዐለት ውስጥ ያሉ እንደ ዩራኒየምና ቶሪየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ሲፈራርሱ የሚወጣ ነው። ከእምብርቱ በላይ 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የዐለት ንብርብር አለ። ብዙዎች የቀለጠ ባሕር ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ጠጣር ነው። ሆኖም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ የጋለው ቀልሎ ይወጣል፣ የበረደው ከብዶ ይሰምጣል፤ እሳት ላይ የተጣደ ሽሮ ከሥር እየተነሣ እንደሚገላበጥ።

በላይ ያሉት የምድር ሰሌዳዎችም የዚሁ ዑደት ክፍል ናቸው። በውቅያኖስ ዳርቻ የቀዘቀዘው የሰሌዳ ጠርዝ ሲሰምጥ ቀሪውን ይጎትታል፤ በዓለም ላይ ዋነኛው አንቀሳቃሽ ይህ ነው። በእኛ ሀገር ግን ጎልቶ የሚታየው ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ላቫ ሰሜናዊውን ደጋ ሸፈነ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበትም ዐለት የእሳተ ገሞራ ነው። ተነሥቶ የተለጠጠው ምድር ተሰንጥቆ ስምጥ ሸለቆ ሆነ። ከገርጂ ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው ወደዚያው ስንጥቅ ይወርዳል፤ በመንገዱ የሚያገኛቸው የቢሾፍቱ ሐይቆችም የፍንዳታ ጉድጓዶች ናቸው።

ስንጥቁ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በዝግታ አይሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

ቀኑን አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ የለም፤ ቀን ቆርጦ የሚያወራ ቢመጣ አትስሙት። በእጃችን ያለው ሕንፃው ነው። ለስላሳ ጥቁር አፈር ንዝረትን ያጎላል፤ ከፍ ያለ ፎቅም ይበልጥ ይወዛወዛል። ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ላይ ፎቅ ለመጨመር ወይም የደወል ቤት ለማቆም ያሰበ ሰበካ ጉባኤ፣ ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት አፈሩን ያስመርምር፤ መሐንዲሱንም ሥሌቱ የሀገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ የግንባታ ደንብ መከተሉን በጽሑፍ ይጠይቀው።