የሕፃናት ፎቶግራፍ በቤት ውስጥ፤ የብርሃን ዕቃ ገዢና ሻጭ ሊያውቁት የሚገባ

በአዳማ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ከአምፑልና ከሶኬት ጎን ሪንግ ላይትና ሶፍትቦክስ የሚባሉትን የፎቶግራፍ መብራቶች ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ገዢዎቹም ባለ ፎቶ ቤቶች ብቻ አይደሉም። የልጃቸውን የመጀመሪያ ዓመት ልደት ወይም የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ በገዛ እጃቸው አንሥተው ለማስቀረት የሚሹ ወላጆች፥ ደግሞም በመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል አስለቅቀው ሥራውን ለመጀመር ያሰቡ ወጣቶች ይገኙባቸዋል።

ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። መብራቱ ይገዛል፤ ሕፃኑ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጣል፤ መብራቱም ፊት ለፊቱ ይበራል። የሚወጣው ፎቶግራፍ ፊቱ እንደ ሰሌዳ የተለጠጠ፥ ከኋላው ጥቁር ጥላ የተለጠፈበት፥ ዐይኑን የጨፈነ ሕፃን ነው። ገዢው በማግሥቱ ተመልሶ «ይህ ደካማ ነው፤ ጠንከር ያለ ስጡኝ» ይላል። ባለ ሱቁም ነገሩን ስለማያውቅ ውድ የሆነውን ያወርድለታል። ሁለተኛው ፎቶግራፍ ከፊተኛው የከፋ ይሆናል፤ ገዢው ለሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለው ስሕተት ለገዢውም ለአስመጪውም ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። ሕፃኑ ደግሞ የአንድ ዓመት ልጅ የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስሕተቱ ያለው በብርሃኑ ኃይል ላይ አይደለም። ፊትን የሚያሳምረው የብርሃኑ ስፋትና የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ይህን ለመረዳት የአዳማን ሰማይ መመልከት ይበቃል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ፥ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት በግቢ የቆመ ልጅ ዐይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ተውጠው ሁለት ጉድጓድ ይመስላሉ። ደመና በሸፈናት ጊዜ ግን የዚያው ልጅ ፊት ለስልሶ ይታያል። ፀሐይዋ አልተለወጠችም፤ ደመናው ብርሃኗን ተቀብሎ መላውን ሰማይ አንድ ሰፊ መብራት ስላደረገው ነው። ሶፍትቦክስ የሚባለውም ዕቃ ከጨርቅ የተሠራ ትንሽ ደመና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። የኤሌክትሪክ መብራት ሳይስፋፋ በፊት በአውሮፓና በሌላውም አገር የነበሩ ፎቶ ቤቶች በመስተዋት ጣሪያና በነጭ መጋረጃ ይሠሩ ነበር። በአገራችንም የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፥ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰዋል። ያን ጊዜ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ነበር። የዛሬው ገዢ ግን ዕቃውን እንጂ መምህሩን አብሮ አያገኝም።

ስለዚህ ተማሪው አንድ ሳንቲም ሳያወጣ በመስኮት ቢጀምር ይሻለዋል። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበትን መስኮት መርጦ፥ ወይም የምትገባበትን በነጭ አቡጀዲ ሸፍኖ፥ ልጁን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቆ ጎኑን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያስቀምጠው። በወዲያኛው ጎን ነጭ አንሶላ በወንበር ላይ ቢዘረጋ ጥላው ገር ይሆናል። አንሺውም ቁልቁል ከመመልከት ይልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን ከልጁ ዐይን ጋር ያስተካክል። በብሌኑ ውስጥ የመስኮቱ ነጭ ምስል ከታየ ሥራው መንገዱን ይዟል፤ ካልታየ ዐይኑ የሞተ ይመስላልና ልጁን ትንሽ ማዞር ነው።

ልጅ ትዕግሥት የለውም። የብርሃን ልምምድ መደረግ ያለበት በሚታገሥ ነገር ላይ ነው። ከመቂ የመጣ አንድ ለስላሳ ቲማቲም ወይም አንድ እንቁላል በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መብራቱን ከፊት፥ ከጎን፥ ከላይና ከኋላ እያዞሩ ጥላው የት እንደሚወድቅ መመልከት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጀበና ደግሞ የመብራቱን ቅርጽ እንደ መስተዋት ያሳያል። ተማሪው ይህን ሲጨርስ ልጁን ቢጠራ፥ የልጁ አሥር ደቂቃ በመብራት መግፋት አያልቅም።

ርቀትን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳተው መብራቱን ማራቅ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል ብሎ ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የቀረበ መብራት በልጁ ፊት ዘንድ ሰፊ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ የራቀው ጠባብ ስለሆነ ጥላው ይከራል። ከዚህም በቀር ከአንድ ትንሽ መብራት በ1 ሜትር ርቀት የሚገኘው ብርሃን በ2 ሜትር ላይ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ብቻ ይሆናል። ልጁን ወደ መብራቱ አቅርቦ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያራቀ ሰው፥ ያ የሚያስጠላው ጥቁር ጥላ ከጀርባው ሲጠፋና ግድግዳው ሲደበዝዝ ያያል። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ዕቃ አላስፈለገውም።

የግድግዳ ቀለምም ተንኮል አለው። በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ የልጁ ጉንጭ የግድግዳውን ቀለም ይወስዳል፤ እዚያም አቡጀዲ መጋረድ ያድናል። ነጭ ግድግዳ ደግሞ የካሜራውን መለኪያ ያታልላል፤ መለኪያው ነጩን ግራጫ ሊያደርግ ሲል ጠይሙን ፊት ያጠቁረዋል። በስልክ የሚያነሣ ሰው በመስተዋቱ ላይ የልጁን ፊት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ቢያደርግ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ሻጩ እንመለስ። በመብራቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ ይገባዋል። አንደኛው የብርሃኑን ቀለም የሚያሳየው ኬልቪን ነው። የቀድሞው ቢጫ አምፑል 2,700 ግድም፥ የቀን ብርሃን 5,500 ግድም ስለሆነ፥ ሁለቱን በአንድ ክፍል ያበራ ሰው ልጁን ግማሹን ብርቱካን ግማሹን ሰማያዊ አድርጎ ያነሣዋል። ሁለተኛው ሲ አር አይ የሚባለው ሲሆን ቀለምን በታማኝነት የማሳየት መለኪያ ነው፤ ከ100 ውስጥ 95ና ከዚያ በላይ ከሆነ ለፊት ይታመናል። በርካሽ ኤልኢዲ አምፑል ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ በአገራችን ባለ 50 ኸርዝ መስመር በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር መስመሮችን ይጥላል።

ገዢው «ፍላሽ ወይስ ዘወትር የሚበራ መብራት?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ የልጁ ዕድሜ ነው። ተኝቶ ለሚውል ጨቅላ ዘወትር የሚበራው ይበቃል፤ ለተማሪም ጥላው አስቀድሞ ስለሚታይ ይመቻል። ለሚሮጠው የሦስት ዓመት ልጅ ግን ብልጭታው እጅግ አጭር የሆነው ፍላሽ እንቅስቃሴውን ያስቆምለታል። ሪንግ ላይት ፊት ለፊት የሚያበራ በመሆኑ ጥላን ያጠፋል፤ ጥላ የሌለው ፊት ቅርጽ የለውም። የተሠራውም ለሌላ ሥራ ነው ብሎ መንገር ሽያጭን የሚጎዳ ሐቀኝነት አይደለም።

ስለ መብራቱ ማቆሚያ ዝም ማለት አይገባም። የሚድኽ ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ ቀጭን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አደጋ ነው። አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት በእግሩ ላይ ማሰር ግዴታ መሆን አለበት፤ ይህንም ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ወደ ግቢ የሚወጡትም አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ መሆኗን አይርሱ፤ ሶፍትቦክስና የፎቶግራፍ ጃንጥላ በዚያ ነፋስ ፊት ሸራ ማለት ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገድ ሊነገር ይገባል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን የልጅ ብሌን ቀይ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። በአንደኛው ዐይን ቀይ፥ በሌላኛው ግን ነጭ ሆኖ ደጋግሞ ከታየ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዐይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፥ አንሺው ሳይዘገይ ልጁን ወደ ዐይን ሐኪም እንዲወስዱት ለወላጆቹ ይንገር። በጊዜ የተደረሰበት ሕመም የሚታከም ነው።

ለአስመጪዎቹ የሚቀረው የትእዛዝ ዝርዝራቸውን ማየት ነው። ዋቱ የበዛ መብራት ከማብዛት ይልቅ ሰፋ ያለ ጨርቅ ያለው ሶፍትቦክስ፥ ጠንካራ ማቆሚያና ነጭ አንጸባራቂ ቢያዙ ተመላሽ ዕቃ ያንስላቸዋል። ባለ ሱቁም በመደርደሪያው ጫፍ አንድ መብራት፥ አንድ ክንድ አቡጀዲና አንድ ቲማቲም ቢያስቀምጥ፥ ጨርቁን በመብራቱ ፊት ከፍ ዝቅ እያደረገ ለገዢው ማሳየት የሚወስድበት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።