ጥርስ፣ ዓይንና ደም፦ ጥላቻ በአማርኛ እንዴት ይጻፋል?

ጥላቻን በጽሑፍ ለመግለጽ «ጠላ» የሚለው ግስ ብቻውን አቅም ያንሰዋል። ሰው ቀዝቃዛ ሽሮም ይጠላል፤ የሐምሌን ጭቃም ይጠላል፤ ወንድሙን የገደለበትንም ይጠላል። ግሱ አንድ ነው፤ የስሜቱን ልክ የሚያሳውቁት በዙሪያው የሚሰለፉት ቃላት ናቸው። አማርኛ ደግሞ በዚህ በኩል ጎተራው ሙሉ ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለባቸው ደረጃዎቹ ናቸው። ቅያሜ የወዳጅ ነው፤ ምንም ባልጠበቀበት ሰው ማንም አይቀየምም። ኩርፊያ ፊት ላይ የሚነበብ ዝምታ ሲሆን፣ በማግስቱ ቡና ላይ ሊሽር ይችላል። ቂም ግን ይደበቃል። ስለዚህም «ይያዛል»፣ «ይቋጠራል» ይባላል። «ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት» የሚለው ተረትም ቂምን የሚያየው ውስጥ ተቀምጦ የባለቤቱን ሥራ እንደሚያበላሽ ነገር ነው። በቀል ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ድርጊት ነው።

ንቀትና መጸየፍ ከጥላቻ ጋር ይምታታሉ። የሚናቅ ሰው ከበታች ሆኖ ይታያል፤ የሚጠላው ግን ከጠይው በላይም ሊሆን ይችላል። ጭሰኛ ባለርስቱን አምርሮ ሊጠላው ይችል ነበር፤ ለመናቅ ግን ብዙም ዕድል አልነበረውም። መጸየፍ የሆድ ነገር ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ ያንገሸግሻል።

የሚጠላው ሰው መጠሪያም እንዲሁ ይለያያል። «ባላንጣ» እኩያ ነው፤ ክብር እንኳ አያጣም። «ጠላት» ከጎረቤት አጥር እስከ አገር ድንበር ይዘልቃል። «ደመኛ» ጠባብ ቃል ነው፤ በመካከል የፈሰሰ ደም ይጠይቃል፤ ሽማግሌ ገብቶ ደም ካላደረቀም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በመሥሪያ ቤት ወንበር የተጣሉ ሁለት ሠራተኞችን «ደመኞች» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ታሪኩ ውስጥ እውነተኛ ደም ሲመጣ የሚለው ያጣል። የጀማሪ ጸሐፊዎች የተለመደ ጥፋት ይኸው ነው፤ ትልቁን ቃል ቶሎ ያወጡታል።

ዋናው ሀብት ያለው ግን በአካል ክፍሎች ላይ በተሠሩት ፈሊጦች ውስጥ ነው። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁትን «የአማርኛ ፈሊጦች» የተባለ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው፣ ቋንቋው ስሜትን ምን ያህል በሰውነት ላይ እንደሚያሳድር ያያል። «ጥርስ ነከሰበት» ሲባል ቀን የሚጠብቅ ሰው ይታያል፤ «ጥርስ ውስጥ ገባ» ሲባል ደግሞ ታሪኩ ወደ ተጠቂው ይዞራል፤ ምናልባትም ተጠቂው ራሱ ገና አላወቀም። «በዓይኑ ቂጥ ገረመመው» ጥላቻን ከንቀት ጋር ያዳቅላል። «ሆዱ ሻከረ» የጅምሩ ነው፤ «ዓይንህን ላፈር» የመጨረሻው። «ደሙ ፈላ» ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይገባል፤ እሱ የቁጣ ነው፣ የሚፈላም ነገር ይበርዳል። ለዓመታት የኖረን ጥላቻ በሚፈላ ደም መግለጽ አያስኬድም።

ሰዋስውም የድርሻውን ይሠራል። ከግስ ጋር የሚለጠፉት «-ለት» እና «-በት» ያለ አንዳች ቅጽል ወዳጅንና ጠላትን ይለያሉ፦ መሰከረለት፣ መሰከረበት፤ ፈረደለት፣ ፈረደበት፤ ሳቀለት፣ ሳቀበት። የሚገርመው አማርኛ አንዳንዴ ይህንኑ ሥርዓት እያፌዘ መገልበጡ ነው። «ጉድጓድ ማሰለት» እና «ደገሰለት» ሲባል የበጎ አድራጊው «-ለት» ክፉ ሐሳብ ተሸክሞ ይመጣል፤ ከ«-በት» ይበልጥ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

የአክብሮት መደብም እንደዚሁ ነው። ምራት አማቷን ዓመታት «እማማ መጡ?» ስትል ኖራ አንድ ቀን «ሴትዮዋ መጣች?» ብትል፣ አንባቢ የሚፈልገው ሁሉ ተነግሮታል። አንቱታው ወድቋል፤ ስሙም ጠፍቷል። «ያ ሰውዬ» የሚለው አጠራርም የዚሁ ወገን ነው፤ የሚጠሉትን ሰው ስም ከአፍ ማስገባት አለመፈለግ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ምሳሌ ሲታይ ይጠራል። «ከበደ አያሌውን እጅግ በጣም ይጠላዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር መረጃ ይሰጣል፤ የሚታይ ነገር ግን የለውም። ሌላው መንገድ ይህን ይመስላል፦ «አያሌው ከለቅሶው ድንኳን ሲገባ ከበደ ወሬውን አቋርጦ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የንፍሮው ሳህን ከአያሌው እጅ ዞሮ ሲደርሰው፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳያነሣ አጠገቡ ላለው ሰው አሳለፈው።» እዚህ ውስጥ «ጥላቻ» የሚል ቃል የለም። በለቅሶ ቤት ንፍሮ የማይቀመስበት ምክንያት ምን ሊሆን እንደሚችል ግን የአገሩ አንባቢ ይገባዋል። «እጅግ» እና «በጣም» በተደጋገሙ ቁጥር ስሜቱ ይሳሳል እንጂ አይወፍርም።

ጥላቻ በምስጋና መልክም ይጻፋል። የሰምና ወርቅ ቅኔ ላይ ላዩን ሲያወድስ ውስጡን ይሰድባል፤ ተሰዳቢው ሰሙን ይዞ ሲስቅ ወርቁን ያገኙት ሌሎች ይጠቃቀሳሉ። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ ይህ አነጋገር ማኅበረሰቡ በሚቀበለው መንገድ ሰውን ለመስደብ እንደሚያገለግል አስረድቷል።

እስካሁን የተነሡት ቃላት ሁሉ የሚጠላውን ሰው በሥራው ወይም በበደሉ ያነሡታል። ሌላ ዓይነት ቃል አለ፤ ሰውን ከነወገኑ በጅምላ ወደ እንስሳ፣ ወደ ተባይ፣ ወደ በሽታ የሚለውጥ። «ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ» የሚለው ተረት አሠራሩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ስም መለወጡ ይቀድማል፣ መብላቱ ይከተላል። በሩዋንዳ «ካንጉራ» የተባለው ጋዜጣና «ሚል ኮሊን» የተባለው ሬዲዮ ቱትሲዎችን «ኢንየንዚ» ማለትም በረሮ ይሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ተጨፈጨፉ። አሩሻ ተቀምጦ የነበረው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2003 የጋዜጣውን አዘጋጅና ሁለት የሬዲዮውን መሥራቾች ጥፋተኛ ብሏል።

ኢትዮጵያም የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አውጥታለች። አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም በተለየ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው። ጥቃት ተፈጽሞ ከተገኘ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። የትምህርታዊ ጥናት፣ የዜና ዘገባና ትንተና፣ የኪነ ጥበብ ሥራ ወይም የሃይማኖት ትምህርት አካል ሆኖ የቀረበ ንግግር ግን እንደ ጥላቻ ንግግር አይቆጠርም።