ልጆችን ይዞ ስሜንን ስለ መጐብኘት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንጓዝ ከኮሶዬ አፋፍ ላይ ሆነን ቆላውን አገር ቁልቁል እንመለከታለን፤ ጭላዳም ሣር ሲነጭ እናያለን። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያ የሚኖረው ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እርሻና ከብት መኖሪያውን ስላጠበቡበት ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣውም በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህ ከመሆኑ በፊት በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ስለዚህ ለልጆቻችን ዋልያውን በጣት ማሳየት ብቻ አይበቃንም፤ ስለ እርሱ አገራቸውን የለቀቁትን ሰዎች ነገርም ልንነግራቸው ይገባናል።